የውኃው መንገድ፤ ማሊክ አምባር የቆረቆራትን የሕንድ ከተማ ስለ መጎብኘት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሕንድ አገር በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት፣ ከሙምባይ ወደ ምሥራቅ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ደካን በሚባለው ሰፊ አምባ ምድር ላይ፣ በአራት መቶ ዓመት ዕድሜዋ አራት ስም የተፈራረቀባት ከተማ ትገኛለች። በ1610 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ስሟ ኻድኪ ነበር። በ1626 ፋቴህናጋር ተባለች። ከ1653 ጀምሮ አውራንጋባድ ስትባል ኖረች፤ ዓለምም ይበልጥ የሚያውቃት በዚሁ ስም ነው። በ2023 ደግሞ የሕንድ መንግሥት ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የሚለውን ስም አጸደቀላት። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሞቹ የየዘመኑን ኃይለኞች ታሪክ ይናገራሉ። ከተማዪቱን የቆረቆራት ሰው ስም ግን ከአራቱ በአንዱም ውስጥ አይገኝም። ይህ ሰው ማሊክ አምባር ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር የተወለደ፣ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ በኋላም የአንድ የሕንድ መንግሥት እንደራሴና የጦር አዛዥ ለመሆን የበቃ ሐበሻ።

ወደዚህች ከተማ የሚሄደው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በአቅራቢያዋ ለሚገኙት ለኤሎራና ለአጃንታ ዋሻዎች ሲል ነው። ሁለት ሌሊት ያድራል፤ ዋሻዎቹን ያያል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ይመለሳል። በዚህ ጉብኝት ላይ የሚወጣ እንከን የለም፤ ዋሻዎቹ በእርግጥም የዓለም ድንቅ ናቸውና። ነገር ግን ለመሐንዲስ ሌላም የጉብኝት መንገድ አለው፤ ይኸውም ውኃውን ተከትሎ መሄድ ነው። ከተማዪቱ የተመሠረተችው በውኃ ሥራ ነው፤ የኖረችውም በውኃ ሥራ ነው፤ ዛሬም የሚያስጨንቃት ውኃ ነው። ድንጋዩን ያየ ሰው የገዢዎቿን ክብር አየ፤ የውኃውን መንገድ ያየ ሰው ግን ከተማዪቱ በምን እንደ ቆመች አየ።

ቆርቋሪው

ማሊክ አምባር የተወለደው በ1548 ገደማ ሲሆን የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ እንደ ነበረ ይነገራል። ቀይ ባሕርን አሻግረው በሞካ ወደብ ሸጡት። ከዚያም በባግዳድ አንድ ነጋዴ ገዝቶ ትምህርት አስተማረው፤ የእስልምናንም ሃይማኖት ተቀብሎ አምባር ተባለ። በ1570ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደካን ተወስዶ የአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሚኒስትር ለነበረው ለቼንጊዝ ኻን ተሸጠ። ቼንጊዝ ኻን ራሱ ከባርነት ተነሥቶ ለዚያ ማዕርግ የደረሰ ሐበሻ ነበር። ወጣቱ አምባር በዚህ ሰው ቤት ሲያገለግል የጦርንና የአስተዳደርን ነገር አጥብቆ ተማረ። ጌታው ሲሞት ነፃነቱን አገኘ፤ ቀጥሎም በጎረቤቱ በቢጃፑር መንግሥት በወታደርነት አገልግሎ ማሊክ የሚለውን ማዕርግ አገኘ።

በ1600 የሞጎል ሠራዊት የአህመድናጋርን ምሽግ ሲይዝ ብዙ ሰው መንግሥቱ ያበቃለት መሰለው። ማሊክ አምባር ግን የተበተነውን ሠራዊት አሰባስቦ፣ ከንጉሡ ዘር አንዱን አንግሦ፣ እርሱ እንደራሴ በመሆን እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1626 ድረስ ሞጎሎችን ሲከላከል ኖረ። መሬት አስለክቶና እንደ ለምነቱ ደረጃ አውጥቶ ግብር የሚከፈልበትን ሥርዓት አቋቋመ። የሞጎሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ምን ያህል ይጠላው እንደ ነበር ለማወቅ በ1616 ገደማ ያሣለውን ሥዕል መመልከት ይበቃል፤ በሥዕሉ ውስጥ ጃሃንጊር በእንጨት ጫፍ ላይ በተሰካ የማሊክ አምባር ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር ይታያል። በጦር ሜዳ ያልተፈጸመለትን በቀለም ፈጸመው። ይሁን እንጂ ማሊክ አምባር ከሞተ በኋላ የሞጎሎቹ ታሪክ ጸሐፊ ራሱ በጦር አመራርም በአስተዳደርም አቻ ያልነበረው ሰው መሆኑን መስክሮለታል።

በዚህ ሰው ታሪክ የሚኮራ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቻፑ ወደ ሕንድ የሄደው ዕውቀቱን ሊያካፍል ተጋብዞ አይደለም። ተሽጦ ነው። ከተወለደበት አገር አንሥቶ እስከ ወደቡ ያደረሱት እጆች ከአገሩ ሰዎች እጆች የራቁ አልነበሩም። ስለዚህ በኻድኪ ከተማ ቆርቋሪ የሚኮራ ሰው ሒሳቡን ሙሉ አድርጎ ሊይዘው ይገባል፤ አንዱ አገር ዋጋ አውጥቶ የሸጠውን ልጅ ሌላው አገር አስተምሮ ከተማ አሠራው። ከዚህም ጋር በዚያው መርከብ ተጭነው ስማቸው የትም ያልተጻፈ እጅግ ብዙ ልጆች እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም።

ከመሬት በታች ያለው ሥራ

ማሊክ አምባር ከተማውን የቆረቆረበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 570 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ በኮረብታዎች መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። በስተምዕራብ ያለው ረጅሙ የተራራ ሰንሰለት ከባሕር የሚመጣውን ደመና አስቀድሞ ስለሚያራግፈው ለዚህ አካባቢ የሚደርሰው ዝናም በዓመት 700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። እርሱም እንደ ኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ውስጥ ይወርድና ያበቃል። ካም የሚባለው ወንዝ በበጋ ይሳሳል። ለአንድ የጦር ሰፈር ይህ ውኃ ይበቃ ይሆናል፤ ለዋና ከተማ ግን አይበቃም።

የአካባቢው ዐለት ባዛልት ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ፣ ንብርብር እየሠራ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። የኢትዮጵያ ደጋም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ ስለሆነ የሁለቱ አገሮች መሬት ለዓይን እንኳ ይመሳሰላል። በእንዲህ ያለው መሬት ጥብቁ ዐለት ውኃ አያሳልፍም፤ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳማና የተሰነጣጠቀው ክፍል ግን ውኃ ይይዛል። በክረምት ኮረብታው የጠጣውን ውኃ በበጋ በዝግታ ያፈልቀዋል።

የማሊክ አምባር ሥራ ይህን ውኃ ማስገበር ነበር። ነህረ አምባሪ፣ ማለትም የአምባር ቦይ፣ ከከተማዪቱ በስተሰሜን ካሉት ኮረብታዎች ሥር ይጀምራል። በዚያ ከመሬት በታች የተቆፈረው መተላለፊያ የከርሰ ምድሩን ውኃ እየሰበሰበ፣ ከዚያም በግንብ በተሠራ ቦይና በሸክላ ቧንቧ እየተቀበለ፣ ያለ አንዳች መግፊያ መሣሪያ በስበት ኃይል ብቻ ወደ ከተማው ያወርደዋል። በከተማው ውስጥ ውኃው ወደ መስጊዶች፣ ወደ ሕዝብ ማጠራቀሚያዎችና ወደ ቤቶች ይከፋፈል ነበር። ሥራው ሲጀመር አማካሪዎቹ የማይሆን ነገር ነው ብለው እንደ ሣቁበት በከተማዪቱ ይተረካል።

በየሠፈሩ ቆሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ የአገሩ ሰዎች ባምባ ይሉታል። ከውጭ ሲታይ ጥቅሙ ያልታወቀ የግንብ ዓምድ ይመስላል። ውኃው በአንደኛው ጎን በቧንቧ ወደ ዓምዱ ራስ ይወጣል፤ በዚያ ከአየር ጋር ይገናኝና በሌላው ጎን ይወርዳል። በዚህም ሁለት ነገር ይፈጸማል፤ በቧንቧው ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያገኛል፤ የውኃውም ግፊት በየቦታው እየተቋረጠ የሸክላው ቧንቧ ከሚችለው በላይ እንዳይሆን ይደረጋል። የሸክላን ድክመት ዐውቆ ሥራውን በዚያ ልክ ያሰናዳ ሰው የሠራው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በቦዩ መሥመር ላይ በየርቀቱ ሰው የሚወርድባቸው የፍተሻ ጉድጓዶች አሉ። ደለል ሲሞላ ይጠረጋል፤ ሥር ሲገባ ይቆረጣል፤ ሸክላ ሲሰበር ይለወጣል። ቦዩን የነደፉት ሰዎች ሥራቸው እንደሚበላሽ አስቀድመው ዐውቀው ለሚጠግነው ሰው በር ትተውለታል። ይህ በር ባይኖር ኖሮ ቦዩ ከሠሪዎቹ ዕድሜ ባላለፈ ነበር።

የከተማዪቱ ዕጣ በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ማሊክ አምባር ገና በሕይወት ሳለ በ1616 እና በ1621 የሞጎል ሠራዊት ሁለት ጊዜ ገብቶ አወደማት፤ ሁለት ጊዜም ተመልሳ ተሠራች። በ1624 ደግሞ በአህመድናጋር አጠገብ ባትቫዲ በተባለው ስፍራ በተደረገው ጦርነት ማሊክ አምባር የአንድ ሐይቅ ግድብ አፍርሶ የጠላቱን ሰፈር በጭቃ ያዘው፤ ድልም አደረገ። ውኃን ለማኖርም ለመዋጋትም ያወቀበት ሰው ነበር።

በምድር ላይ የሚታየው

በከተማዪቱ ውስጥ ጉብኝት የሚጀምር ሰው በ1612 በተሠራው በባድካል በር ቢጀምር ይገባዋል። በሞጎሎች ላይ ለተገኘ ድል መታሰቢያ እንዲሆን ማሊክ አምባር ያሠራው ነው። ከተማዪቱ የበሮች ከተማ የምትባለው እንዲህ ባሉት በርካታ በሮቿ ነው። ታላቁ መስጊድ፣ ጃማ መስጂድ የሚባለው፣ በእርሱ ተጀምሮ በኋላ በአውራንግዜብ የተስፋፋ ነው፤ ጠላት የጀመረውን ጠላት ጨረሰው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ቢቢ ካ ማቅባራ፣ በትርጓሜው የእመቤቲቱ መቃብር፣ የአውራንግዜብ ሚስት ለነበረችው ለዲልራስ ባኑ ቤጉም የተሠራ ነው። እርሷ በ1657 ዐርፋ ሕንፃው በ1660 ገደማ ቆመ። ጎብኚዎች የድሆች ታጅ ማሃል እያሉ ይቀልዱበታል። መሐንዲስ ግን እንዲህ ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ነዳፊው አታ ኡላህ የታጅ ማሃል ዋና ነዳፊ የአህመድ ላሆሪ ልጅ ነበር፤ የመሐንዲሱም የሃንስፓት ራይ ስም በበሩ ላይ ተጽፏል። አባትየው 32 ሚሊዮን ሩፒ በፈጀ ሥራ ላይ ሲሠራ፣ ልጁ የተሰጠው 7 መቶ ሺህ ሩፒ የማይሞላ ነበር። ስለዚህ ነጩን እብነ በረድ በጉልላቱና በግድግዳው ግርጌ ብቻ አድርጎ፣ የቀረውን በአካባቢው ባዛልት ገንብቶ በነጭ ልስን ሸፈነው። የቅርጹ ጥበት የሚነቀፍበት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በቂ ገንዘብ ሳይሰጠው የሌላውን ያህል እንዲሠራ የታዘዘ መሐንዲስ ያየ ሰው በዚህ ሕንፃ ፊት ሲቆም ሣቁ ይቀንሳል።

ሦስተኛው በካም ወንዝ ዳር የሚገኘው ፓንቻኪ፣ ማለትም የውኃ ወፍጮ ነው። በባባ ሻህ ሙሳፊር የሱፊ ገዳም ግቢ ውስጥ በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ውኃው ከከተማው ውጭ ካሉት ኮረብታዎች በሸክላ ቧንቧ መጥቶ፣ በግንብ ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከከፍታ ወደ ገንዳው ይወረወራል፤ በዚያም ኃይል የወፍጮው መጅ ይዞር ነበር። የተፈጨው እህል ለመንገደኞችና ለገዳሙ ተማሪዎች ቀለብ ይሆን ነበር። የገንዳው ወለል ከሥሩ ላለው ሰፊ አዳራሽ ጣሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ በበጋ ሐሩር ወደዚያ አዳራሽ የገባ ሰው ከራሱ በላይ ባለው ውኃ ይቀዘቅዛል። አንዱ ውኃ ወፍጮ ፈጭቶ፣ አዳራሽ አቀዝቅዞ፣ ለውዱእ ደርሶ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ከማሊክ አምባር በኋላ የመጡት ሰዎች የእርሱን ትምህርት እንዳልረሱት ይህ ቦታ ይመሰክራል። ከቦዩ በኋላ በየዘመኑ ሌሎችም ቦዮች ተጨምረው ከተማዪቱ ከአሥር የሚበልጡ ነህሮች ባለቤት ሆና ነበር።

ከከተማው ውጭ

ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የዳውላታባድ ምሽግ ይገኛል። 200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሾጣጣ ኮረብታ ነው። ጎኑ ሰው እንዳይወጣው ቀጥ ተደርጎ ተጠርቧል፤ በዙሪያው ከዐለቱ የተፈለፈለ ጥልቅ ቦይ አለ፤ ወደ ላይ የሚያስወጣውም መንገድ በዐለት ውስጥ በጨለማ የሚያልፍ ጠማማ መተላለፊያ ነው። የዴልሂው ሱልጣን መሐመድ ቢን ቱግሉቅ በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ ለማዛወር ሞክሮ ብዙ ሕዝብ አንገላቷል። ማሊክ አምባርም መንግሥቱን ያስጠጋው በዚህ ምሽግ አጠገብ ነው። ምሽጉን ለጦርነት ያዘው፤ ለኑሮ ግን ከሜዳው ላይ ኻድኪን ቆረቆረ።

በዚያው መንገድ ወደ ፊት ሲቀጥሉ ኹልዳባድ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። አውራንግዜብ በ1707 ሞቶ የተቀበረው በዚህ ነው፤ መቃብሩም ራሱ እንደ ፈለገው ጣሪያ የሌለው፣ አፈር ብቻ ነው። የማሊክ አምባርም መቃብር በዚህችው ከተማ ይገኛል፤ እርሱ ጉልላት አለው። የሕንድ ንጉሠ ነገሥት በሰማይ ሥር፣ በባርነት የተሸጠው ሐበሻ በጉልላት ሥር ተኝተዋል። ወደ አውራንግዜብ መቃብር የሚሄደው ጎብኚ ብዙ ነው፤ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው ጥቂት ነው።

ከኹልዳባድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ኤሎራ አለ። ከ600 እስከ 1000 ባሉት ዓመታት ውስጥ የተፈለፈሉ 34 ዋሻዎች በአንድ የኮረብታ ገጽ ላይ በሰልፍ ቆመዋል፤ 12ቱ የቡድሃ፣ 17ቱ የሂንዱ፣ 5ቱ የጃይን ሃይማኖት ናቸው። በመካከላቸው 16ኛው፣ የካይላሳ ቤተ መቅደስ፣ በራሽትራኩታው ንጉሥ በቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን በ8ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ቤተ መቅደሱ ዋሻ አይደለም። ከኮረብታው አናት ጀምሮ ወደ ታች እየተጠረበ፣ ዙሪያው እየተቆፈረ፣ 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አንድ ወጥ የድንጋይ ሕንፃ ሆኖ የቀረ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ይህን ሲያይ እግሩን ተክሎ ይቆማል። ሁለቱን ሃይማኖትም ዘመንም ይለያቸዋል፤ አንዱ ከሌላው ተማረ የሚያሰኝ ማስረጃም የለም። የሚያመሳስላቸው መሬቱና የሥራው ሕግ ነው። በሁለቱም ስፍራ እሳተ ገሞራ የወለደው ዐለት አለ፤ በሁለቱም ስፍራ ጠራቢው መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም። ጣሪያው አስቀድሞ ያልቃል፤ መሠረቱ በመጨረሻ ይታያል። አንድ የተሳሳተ ምት የሚታረምበት መንገድ ስለሌለ ሕንፃው ገና ሳይጀመር በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት።

በክረምት ወራት በኤሎራ ከ29ኛው ዋሻ አጠገብ ፏፏቴ ይወርዳል፤ በበጋ ይጠፋል። ስለዚህ ተፈጥሮውን ለማየት የሚሻ ሰው ኮረብታው ለምለም በሚሆንበት በነሐሴና በመስከረም ቢሄድ ይመረጣል፤ ለእግር ጉዞ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይስማማል። ኤሎራ ማክሰኞ፣ አጃንታ ሰኞ እንደሚዘጉም መንገደኛ ሊያውቅ ይገባል።

አጃንታ ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዋጎራ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ በቆረጠው ገደል ዙሪያ 30 ያህል ዋሻዎች አሉ፤ ጥንታዊዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት፣ የመጨረሻዎቹ በ5ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ናቸው። በኋላ ጫካ ውጧቸው ሲኖሩ በ1819 አንድ የእንግሊዝ መኮንን ለአደን ወጥቶ አገኛቸው። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ዐለቱ በጭቃ ተለስኖ የተሣሉ ስለሆኑ እጅግ ቶሎ ይጎዳሉ፤ ከምንም ይልቅ የሚጎዳቸው የጎብኚው ትንፋሽና ወበቅ ነው። የረሳቸው ዓለም አኖራቸው፤ የወደዳቸው ዓለም ግን እየጎዳቸው ነው። ለዚህ ሲባል መኪናዎች ራቅ ብለው እንዲቆሙና ጎብኚው በአውቶቡስ እንዲቀርብ ተደርጓል። አጃንታና ኤሎራ ሁለቱም በ1983 በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሎናርን ሐይቅ ሊያይ ይችላል። የቢሾፍቱን ሐይቆች የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከአፋፉ ላይ ሲቆም ቦታውን የሚያውቀው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቢሾፍቱ ከምድር በታች በመጣ እሳት የተከፈተ ሲሆን፣ ሎናር ከሰማይ በወረደ ድንጋይ የተቆፈረ ነው። ስፋቱ 1.8 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 150 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ በባዛልት ላይ የተከፈተ ጉድጓድ በምድር ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ውኃው ጨዋማ ሲሆን በሰኔ 2020 ጨው በሚወዱ ጥቃቅን ሕዋሳት ምክንያት ቀይ ዳማ መልክ ይዞ ታይቷል።

የዛሬው ውኃ

ዛሬ ከተማዪቱ በአብዛኛው የምትጠጣው ከጃያክዋዲ ግድብ ነው። ይህ በ1976 የተመረቀ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአፈር ግድብ፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ላይ በፓይታን አጠገብ ተሠርቷል። ሰፊው ሐይቅ የፍላሚንጎና የሌሎች አዕዋፍ መኖሪያ ስለሆነ ራሱን የቻለ የጉብኝት ቦታ ነው። ነገር ግን ግድቡ ከከተማዪቱ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከእርሷም መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሊትር በሞተር ኃይል ወደ ላይ መገፋት አለበት። በ2020ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በብዙ ሠፈሮች ውኃ የሚደርሰው በበርካታ ቀናት ልዩነት ነበር፤ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ሰዉ ባልዲ ይዞ ቦቴ ይጠብቅ ነበር።

በዚህ ምክንያት የአምባርን ቦይ የዛሬ ችግር መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ልክ አይሆንም። በ2011 ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን 1 መቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የነበራትን ከተማ ያ ቦይ ሊያጠጣ አይችልም። የግድቡ መሐንዲሶችም ሥራቸውን አሳንሰው አልሠሩም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ቦዩ ያረጀው በዕድሜ ብቻ አይደለም። በመሥመሩ ላይ ቤት ተሠራበት፤ መንገድ ሲቆፈር ተቆረጠ፤ የፍተሻ ጉድጓዶቹ በአፈርና በቆሻሻ ተሞሉ፤ ባምባዎቹ ለምን እንደ ቆሙ የማያውቅ ሰው አፈረሳቸው። የማሊክ አምባርን ከተማ ሁለት ጊዜ ያወደመው የሞጎል ጦር ያላጠፋውን ቦይ፣ ከሥሩ ያለውን ሳይጠይቅ የሚቆፍር ሥራ አጠፋው። እንዲያም ሆኖ በአንዳንድ ስፍራ ውኃው ዛሬም ይፈስሳል፤ የከተማዪቱ ሰዎችም ጉድጓዱን ለማስጠረግና ቦዩን በቅርስነት ለማስጠበቅ የሚደክሙ አሉ።

ስለ ከተማዪቱ ስምም አንድ ቃል ሊነገር ይገባል። ሳምባጂ የታላቁ የማራታ ንጉሥ የሺቫጂ ልጅ ነው፤ በ1689 በአውራንግዜብ ትእዛዝ ተገድሏል። የገዳዩ ስም ተነሥቶ የተገዳዩ ስም የገባበት ምክንያት ይህ ነው። የሺቫጂ አባት ሻህጂ ደግሞ በ1624 በባትቫዲ ጦርነት በማሊክ አምባር ወገን ተሰልፎ የተዋጋ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከተማዪቱ የምትጠራበት ሰው አያት ከቆርቋሪዋ ጋር በአንድ ሜዳ ውሏል። በስም ጉዳይ የሚከራከሩ ወገኖች ሁሉ የሚጠጡት፣ ወይም አባቶቻቸው የጠጡት፣ ያንኑ ውኃ ነው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

ከማኅበሩ አባላት ለሥራም ሆነ ለትምህርት ወደ ሕንድ የሚሄዱ ጥቂቶች አይደሉም። ከመካከላቸው ወደዚህች ከተማ የሚደርስ ቢኖር ኤሎራንና አጃንታን ካየ በኋላ አንድ ቀን ቢጨምር አይጸጸትም። በማለዳ ወደ ሰሜኑ ኮረብታ ይሂድ፤ ከአካባቢው ሰው አንዱን ጠይቆ ገና ያልተደፈነ የፍተሻ ጉድጓድ ያግኝ፤ ጎንበስ ብሎም ያዳምጥ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ተሽጦ የሄደ ልጅ አድጎ ያስጀመረውን ሥራ ድምፅ ይሰማል።

ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ያንን ጉድጓድ አይርሳ። ንድፍ በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ሥራ የሚቆፍረው መሬት ከሥሩ የማንን ሥራ ይዟል? ይህስ ሥራ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በየት በኩል ይገባል? የመጀመሪያውን ጥያቄ የከተማዪቱ የቅርብ ጊዜ ሠሪዎች ሳይጠይቁ ቀሩ። ሁለተኛውን ግን ማሊክ አምባርና ባለሙያዎቹ ጠይቀው መልሱን በድንጋይ ሠርተው ትተውታል።